አንዴ እምቢ ያለ ሰው

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እኔ ከወሎ ተነስቼ፣ በረሃውን በእግሬ አቋርጬ፣ ሱዳን ካምፕ ውስጥ አሸዋ ስቅም ከርሜ፣ መጨረሻ ላይ ሚኒሶታ የሚባል ፍሪጅ ውስጥ የገባሁት ለምን ይመስላችኋል? ልጆቼ ውጭ አገር እንዲማሩ ነው። ሀያ ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ የመለስኩት ይህንኑ ነው። «ውጭ አገር እንዴት ነው?» ሲሉኝ፣ «ብርድ ነው፤ ግን ልጆች ይማራሉ» እላለሁ።

ታዲያ የመጀመሪያዋ ልጄ ሐያት፣ ሴንት ፖል ተወልዳ ሴንት ፖል ያደገችው፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ስትደርስ እራት ላይ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«አባ፣ ውጭ አገር ሄጄ ልማር ነው።»

«የት?»

«ውጭ አገር።»

«አሁን ያለሽው ደሴ ነው?»

ሚስቴ ዘይነባ በሳቅ የጎረሰችው ሊወጣ ደረሰ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ስታዲ አብሮድ ይባላል አለችኝ። የአሜሪካ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር አገሩን ለቆ ሌላ አገር ይማራል፣ ማርኩ ይያዝለታል፣ ተመልሶ ይመጣል። ልብ በሉልኝ። እኛ የተሰደድነው ሞት ከኋላ እያባረረን ነው። እነዚህ ለማርክ ይሰደዳሉ።

«እና የት ነው የምትሰደጂው?»

«አየርላንድ።»

አየርላንድን አላውቃትም ነበር። ካርታ አምጥታ አሳየችኝ። ከእንግሊዝ አጠገብ ለብቻዋ የተቀመጠች ደሴት ናት። ምን አላቸው ብላት ዝናብ፣ በግና ድንች አለች።

«በግና ድንችማ ወረኢሉም አለ» አልኳት። «እኛ ያጣነው ዝናቡን ነው። ለዝናብ ብለሽ ነው የምትሄጂው?»

አልደብቃችሁም፤ እንድትሄድ አልፈለግሁም። ምክንያቴን ብትጠይቁኝ አሥር እደረድርላችኋለሁ፤ አሥሩም ውሸት ናቸው። እውነቱ ቤቱ ያለሷ ጭር ይልብኛል። ይህ ለልጅ አይነገርም። ስለዚህ ስለ ዝናብ ተከራከርኩ።

ዘይነባ ነገሩን ቆረጠችው። «አንተ ከአገርህ ስትወጣ ማንን አስፈቅደህ ነው?» አለችኝ። እሷን በክርክር መርታት አልችልም፤ አስተማሪዬ ናት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ካምፕ ውስጥ አሸዋ ላይ በጣቷ እየጻፈች አስተማረችኝ። ነፋስ ሲመጣ ትምህርቱ ይጠፋል፤ በማግስቱ ደግሞ «ሀ» እንላለን። እንዲህ ያስተማረች ሴት «ትሂድ» ካለች ትሂድ ነው።

ጥር ላይ ሄደች። ዘይነባ ከሁለቱ ሻንጣዎች አንዱን ዳቦ ቆሎ ሞላችው። አላጋነንኩም፤ ሚዛን ላይ ያወጣችው ሠራተኛ ድንጋይ የያዝን መስሏት ዓይናችንን አየችን። «አብረውሽ ለሚኖሩት ስጪ፤ ባዶ እጅሽን እንዳትገቢ» ብላ እናቷ አሳሰበቻት። ሐያትም እሺ አለች። ስጪ ተባለች እንጂ እንዴት እንደሚሰጥ ማናችንም አልነገርናትም። የሚነገር ነገር ነው እንዴ?

እኔ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ነው የምገፋው። ስለዚህ ሌላው አባት ፍተሻው ጋ ሲቀር እኔ እስከ አውሮፕላኑ በር ሸኘኋት። የሰው አባት «አላህ ያቅናሽ» ይላል። እኔ «በክፉ ዓይን ካዩሽ አንድ ቀን እንዳታድሪ፤ ተመለሺ» አልኳት። መረቅኋት ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ደወለች። ዩኒቨርሲቲው የሰጣት ቤት ውስጥ ከሦስት አየርላንዳውያን ሴት ተማሪዎች ጋር ነው የምትኖረው። አንዷ ሺቮን ትባላለች፤ ክፍሏ ከልጄ ክፍል ጎን ነው። የሌሎቹን ስም ነግራኝ ነበር፤ ስልኩን ሳልዘጋ ረሳሁት።

«እንዴት ናቸው?» አልኳት።

«ናይስ ናቸው፤ ግን አባ፣ ሰው አይሰሙም።»

«እንዴት አይሰሙም?»

«ሻይ ላፍላልሽ? አለችኝ ሺቮን። ኖ አልኳት። እርግጠኛ ነሽ? አለችኝ። ኖ። ትንሽ እንኳ? ኖ! ከዚያ አፍልታ አመጣችው!»

«ጠጣሽው?»

«ኖ ብያታለሁ እኮ! ጠረጴዛው ላይ ትቼው ክፍሌ ገባሁ።»

እዚህ ላይ የአባት ወግ ምን ነበር? «ነውር ነው፤ ሻይ ጥሎ አይነሳም» ማለት። እኔ ግን የልጅ አባት መሆኔን ትቼ የደሴቲቱ ጠላት ሆኛለሁ። «ጎበዝ» አልኳት። «ሻዩ ውስጥ ምን እንደጨመረች ምን ታውቂያለሽ?»

በሳምንቱ አጋማሽ እንደገና ደወለች። ድምጿ ተለውጧል። እያለቀሰች ስትናገር አማርኛው ይጠፋባታል፤ እኔ ደግሞ ስናደድ እንግሊዝኛው ይጠፋብኛል። በመካከላችን ባሕር መኖሩ ሳያንስ። ነገሩን ለቃቅሜ ስገጣጥመው እንዲህ ነው።

ማታ አራቱም ማዕድ ቤት ተቀምጠዋል። ሐያት የእናቷን ምክር አስታውሳ ዳቦ ቆሎውን በሳህን ዘርግፋ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው። «ትቀምሳላችሁ?» አለቻቸው። ሺቮን «አይ አይ፣ ደህና ነኝ» አለች። ሌሎቹ ሁለቱም «አይ፣ ለራስሽ ይሁንሽ» አሉ። ልጄም «ኦኬ» አለችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ በላች። ፊት ለፊታቸው፣ ሦስቱ እያዩዋት፣ ቀርጠፍ ቀርጠፍ እያደረገች፣ ሳህኑን እስክትጨርስ።

ክፍሏ ስትገባ በግድግዳው በኩል ሰማቻቸው። «አሜሪካዊቷ ለብቻዋ ጨረሰችው እኮ!» እያሉ ይስቃሉ። «ስስታም ናት እንዴ?»

«አባ፣ እኔ ኦፈር አድርጌያለሁ! እምቢ ያሉት እነሱ ናቸው!»

ሁለት ነገር አንድ ላይ አናደደኝ። አንደኛ፣ የዘይነባን ልጅ ስስታም ማለት። ሁለተኛ፣ «አሜሪካዊቷ» ማለታቸው። ሚኒሶታ ውስጥ ሀያ ዓመት ሙሉ «መጀመሪያ ከየት ነሽ?» እያሉ ሲጠይቋት የኖረች ልጅ፣ አሜሪካዊ መሆኗን ለማስመስከር አየርላንድ ድረስ መሄድ ነበረባት?

ምክር ሰጠኋት። እንደኔ የተናደደ ሰው ምክር መስጠት በሕግ መከልከል ነበረበት።

«ስሚኝ። ካሁን በኋላ አንዲት ፍሬ እንዳትሰጪያቸው። ጓጉንቸር ግዢና የምግብ ሳጥንሽን ቆልፊው። ከጠየቁሽም ኖ ማለት ኖ ነው በያቸው።»

ይህች ልጅ ካፖርት ልበሺ ስላት ያልሰማች፣ አማርኛ አንብቢ ስላት ያልሰማች፣ ቀስ ብለሽ ድራይቭ አድርጊ ስላት ያልሰማች ልጅ ናት። ይህን ሰማች። በማግስቱ ጓጉንቸር ገዛች። ሦስቱ ልጆች ወተቱንም ቅቤውንም በጋራ የሚጠቀሙበት ማዕድ ቤት ውስጥ፣ የእኔ ልጅ ሳጥን ላይ ብቻ እንደ እስር ቤት በር ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። ቤቱ ዝም አለ። ሻይ ላፍላልሽ የሚላትም ጠፋ።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልውሰዳችሁ፤ የእኔም ጉድ ያለው እዚያ ነው።

ቅዳሜ ዘይነባ ሥራ ናት፤ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። እኔ እረፍት ነኝ። እኩለ ቀን ላይ በሩ ተንኳኳ፤ ሐጂ ይመር ናቸው። ሐጂ ኩን ራፒድስ የሚኖሩ የአገሬ ሰው፣ የሁላችንም ሽማግሌ ናቸው። በዚያ በረዶ መኪና ነድተው የመጡት «ልጅቱ በሰላም ገባች ወይ?» ብለው ሊጠይቁ ነው። በስልክ አይጠይቁም። ስልክ ሰው አያከብርም ይላሉ።

አስቀመጥኳቸው። ዘይነባ ሠርታ የሄደችውን የበግ ወጥ አሞቅኩ፤ በትሪ አቀረብኩ።

«ቢስሚላህ በሉ ሐጂ።»

«አይ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በልቼ ነው የመጣሁት። እንዲያው ዓይናችሁን ልይ ብዬ እንጂ።»

ስልኩ ጮኸ። ሐያት ናት። እኔም ልቤ ወደ ስልኩ ሮጦ፣ አፌ ብቻ ከሐጂ ጋር ቀርቶ፣ «እሺ» አልኩ። እሺ አልኩና ትሪውን አንስቼ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። የሐጂ ዓይን ትሪውን እስከ ፍሪጁ በር ድረስ ሸኘው። አይቻለሁ። አይቼ ግን አላስተዋልኩም።

ልጄ ትንሰቀሰቃለች። ለካ የአየርላንድ ተማሪ ዓርብ ማታ የታጠበውንም ያልታጠበውንም ልብስ ጠቅልሎ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል። ሦስቱም ሄደዋል። ሺቮን ከመሄዷ በፊት በሩ ላይ ቆማ «እኛ ቤት አትመጪም?» ብላ ጠይቃት ነበር። ሐያት ኖ አለቻት። «እናቴ ደስ ይላታል» አለች። ኖ። «ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ?» ስትላት፣ ልጄ የአባቷን ምክር አስታወሰችና፣ «ኖ ማለት ኖ ነው!» ብላ በሩን ዘጋችባት።

«አባ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ይዘንባል። ሁሉም ይጠሉኛል። ትምህርቱን የሚተው ሰው እስከ ሰኞ ያሳውቅ ብለዋል። ሰኞ ልነግራቸው ነው። ልምጣ?»

ደስታዬን ልደብቅ አልሞከርኩም። «ነይ!» አልኩ። «ነይ ልጄ! ምን ጎደለሽ? ነይ!»

በዚህ መሐል ሐጂ ካፖርታቸውን ለብሰው ተነሱ። እኔ ስልኩን ሳልለቅ በእጄ አውለበለብኩላቸው። እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ። ሽማግሌ እንዲህ ሸኘሁ።

ዘይነባ ከሥራ ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረችኝ። እሷ ቤት ገና ሳትደርስ ወሬው ከከተማው ማዶ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ድረስ ሄዶ ተመልሷል።

«ሐጂን ወጥ አስሸትተህ ሸኘሃቸው አሉ።»

«አይ አሉኛ!»

«ስንቴ?»

«አንዴ።»

«አንዴ!» አለች፤ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችው። «በዚያ በረዶ ከኩን ራፒድስ ድረስ መጥተው! አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?»

«ሐያት ልትመጣ ነው» አልኳት፤ ነገሩን ላስቀይስ። «ሰኞ ትምህርቱን ልትተው ነው።»

ዘይነባ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «አንተ ደስ ብሎሃል አይደል?» አለችኝ። ከዚያ ወጡን ከፍሪጅ አውጥታ በድስት ገለበጠችውና፣ «ነገ ጧት ይህን ይዘህ ሄደህ ሐጂን ይቅርታ ትጠይቃለህ» ብላ ተኛች።

እሁድ ጧት ድስቱን ፎጣ ጠቅልዬበት፣ ቀበቶ አስሬለት፣ ወደ ኩን ራፒድስ ነዳሁ። ቁርስ አልበላሁም። ይቅርታ ጠያቂ ሰው ጠግቦ አይሄድም ብዬ ነው፤ ደግሞም እዚያ እንደማልጦም አውቃለሁ።

ሐጂ በሩን ከፈቱ፤ ሰላምታቸው እንደ አየሩ ነው። ባለቤታቸው እመት ፋጡማ ድስቱን ተቀብለው መረቁኝ፤ ወዲያው በቅቤ የራሰ ፍርፍር በትሪ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። እንፋሎቱ ፊቴን መታው።

«ብላ» አሉኝ ሐጂ።

እኔም እንደ ሰው፣ «አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«እሺ» አሉ ሐጂ። «አንሺው ፋጡማ፤ በልቷል።»

እመት ፋጡማ ሐጂን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ትሪውን አነሱ። ፍርፍሩ በኮሪደሩ በኩል ሄደ። እኔ የማላውቀው ረሃብ የለም፤ ካምፕ ውስጥ ቀን ቆጥሬ ተርቤያለሁ። እንዲህ ግን አልተራብኩም። ሆዴ ብቻ አይደለም የተራበው፤ ፊቴም ነደደ። ጠሉኝ ማለት ነው አልኩ። ምነው አንድ ጊዜ ቢደግሙልኝ? አጉርሱኝ አላልኳቸው፣ ለምኑኝ አላልኳቸው፣ አንዴ ብቻ «ኧረ ብላ!» ቢሉኝ ምን ይጎድልባቸው ነበር? ሰው እኮ ትሪ ላይ ዘሎ አይወጣም!

እዚህ ላይ ብድግ አልኩ።

«ሐጂ!» አልኩ። «አየርላንዶች የኛ ሰዎች ናቸው!»

ሐጂ ደነገጡ። «ምን አልክ?»

«ሺቮን! ዳቦ ቆሎውን እምቢ ያለችው ፈልጋ ነው! ሻዩንም ደጋግማ የጠየቀችው ለዚህ ነው! ሁለተኛውን «እንኪ» እየጠበቀች ሳለ ነው ልጄ ሳህኑን የሳበችባት!»

«ፋጡማ!» ብለው ተጣሩ ሐጂ። «ትሪውን መልሺው፤ ሰውዬው በረሃብ መቃዠት ጀመረ!»

ፍርፍሩ ተመለሰ። አሁን እንደ ደንቡ ሆነ። ሐጂ «ብላ» አሉ፤ እኔ «አይ» አልኩ፤ እመት ፋጡማ «በሞቴ!» አሉ፤ እኔ «ኧረ ጠግቤያለሁ» አልኩ፤ ሐጂ እጄን ይዘው ትሪው ውስጥ ነከሩት። እየበላሁ ታሪኩን ነገርኳቸው። ሐጂ የሳቁት ሳቅ ያጠፋሁትን ሁሉ ጠረገልኝ። «ታዲያ ደውልላታ!» አሉኝ። «ምን ትጠብቃለህ?»

ምን እንደምጠብቅ እኔ አውቃለሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነስቼ ተቀመጥኩ። ዝም ካልኩ ልጄ ነገ ትምህርቱን ትተዋለች። በሳምንት ውስጥ ቤቴ ናት። ማንም አያውቅብኝም። ሐጂ ቢጠይቁኝ «ደውዬ ነግሬያት እምቢ አለች» እላለሁ። መኪናው እስኪሞቅ ድረስ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ሌባ ብትሉኝ አልቀየማችሁም።

ሀይዌዩ ላይ ስወጣ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ሴንት ፖል ውስጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀምሬ ነበር። ምድር ቤት ነው፤ ከሁሉም አገር የመጣ ሰው አለ፤ አስተማሪዋ ነጭ ሴትዮ ናት። የመጀመሪያው ቀን በእረፍት ሰዓት ኬክ አምጥታ «ትበላለህ?» አለችኝ። እኔም እንደ ሰው አይ አልኩ። «ኦኬ» ብላ አለፈችኝ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ሁሉም ይበላል፣ ይስቃል፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ የጠላኝ ቤት ምን አደርጋለሁ ብዬ ወጣሁ። እዚያ ክፍል ተመልሼ የገባሁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ያችን ሴትዮ እስከዚያች እሁድ ድረስ ይቅር አላልኳትም ነበር። ዘረኛ ናት ብዬ ስንት ሰው ፊት አምቻታለሁ። ሴትዮዋ ግን ያደረገችው አንድ ነገር ነው። ቃሌን አመነችኝ።

ስድስት ዓመት! በኬክ!

ቤቴ እስክደርስ መታገስ አልቻልኩም ብል ውሸት ነው፤ መኪና ውስጥ የውጭ አገር መደወያ ካርድ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ካርዱን ፍቄ ደወልኩ። ዘይነባ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች።

ሐያት ልብሷን እያጠፈች ነው። አየርላንድ ማታ ሊሆን ነው፤ ልጆቹ ከየእናቶቻቸው ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ደርሷል።

«ጓጉንቸሩን ፍቺው» አልኳት።

«ምን?»

«ፍቺው። ዳቦ ቆሎውን በትልቁ ሳህን አውጪ። ሲገቡ ስጪያቸው።»

«አባ፣ ኖ ብለውኛል እኮ!»

«ስሚኝ ልጄ። የመጀመሪያው አይ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው አይ ጨዋነት ነው። እስከ ሦስተኛው አትልቀቂያቸው። ስታቀርቢላቸው ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ፤ ያዢው። እምቢ ካሉ እጃቸው ውስጥ ጨምሪላቸው።»

«አባ፣ ያ ሀራስመንት ነው፤ ሰው ማስቸገር!»

«አዎ! እንደሱ ካልሆነ ግብዣ አይባልም! ቤታችን እንግዳ ሲመጣ አይተሽ አታውቂም?»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ የምትጣሉ ይመስለኝ ነበር» አለች።

በሩ ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ሰማሁ። የሴቶች ድምፅ፣ የቦርሳ ድምፅ። ሐያት ስልኩን ስፒከር አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው መሰለኝ። እኔም የኛን ስፒከር አደረግሁ፤ ዘይነባ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ይህን ቅመሱ፤ እናቴ የሠራችው ነው» አለች ልጄ በእንግሊዝኛ።

«አይ አይ፣ ደህና ነኝ» አለች አንዷ። ሺቮን መሆኗን አወቅሁ፤ የተቀየመ ሰው ድምፅ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው።

ጸጥታ ሆነ። ጸጥታው ረዘመብኝ።

«አትተዪያት!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። «ድገሚ!»

«እባክሽ፣ ትንሽ ብቻ» አለች ሐያት።

«አይ፣ ያንቺ ነው፤ አልወስድብሽም።»

«ያዥ! በናቴ ሞት ያዥ!» ልጄ ይህን በእንግሊዝኛ ስትለው እንዴት እንደተተረጎመ እኔም አላውቅም፤ ዘይነባ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳህን ሲንቀጫቀጭ ተሰማ፤ ትንሽ ትግል ነገር ተሰማ፤ «እሺ፣ ካልሽማ አንዲት ፍሬ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ጸጥ።

ከዚያ፣ ወላሂ፣ ከባሕሩ ማዶ ሰማሁት። ቀርጠፍ።

ቀጥሎ ሌላ ቀርጠፍ። ከዚያ የሦስት ሰው ቀርጠፍ ቀርጠፍ፣ ፍየል ቅጠል ላይ የለቀቁ ይመስላል። ዘይነባ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«አምላኬ፣ ይህን ነው እስከ ዛሬ የቆለፍሽብን?» አለች ሺቮን አፏን ሞልታ። ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ። ልጄም ሳቀች። ከሄደች ጀምሮ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

«መምጣቱስ?» አልኩ፤ መጠየቅ ስላለብኝ እንጂ መልሱን አጥቼው አይደለም።

«ተወው አባ» አለችኝ በአማርኛ። «እቆያለሁ።»

ዘይነባ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። ምንም አልከፋኝም። ትንሽ ከፍቶኛል። ግን እንደዚያ ደስ ብሎኝ የከፋኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

«ማነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለች ሺቮን።

«አባቴ ነው።»

ልጅቱ ወደ ስልኩ ቀረበች። «ጤና ይስጥልኝ! እርስዎም መጥተው አይጠይቁንም? እናቴ ቤት ሰፊ ነው» አለችኝ።

ከልቧ ነው። ያቺን ደሴት ለማየት በዚያች ቅጽበት እንዴት እንደጓጓሁ ልነግራችሁ አልችልም። ዝናቡን፣ በጉን፣ ድንቹን፣ ልጄ የምትማርበትን ክፍል።

«አይ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፤ አላስቸግራችሁም» አልኩ።

«ምን ችግር አለው? ይምጡ እንጂ!»

«ኧረ አይ፣ ሥራም አለብኝ።»

ጉሮሮዬን ጠርጌ ተዘጋጀሁ። በዚህ ጊዜ ካርዱ አለቀ። መስመሩ ቱ፣ ቱ፣ ቱ ይላል።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዘይነባ ታየኛለች።

«መሄድ ፈልገህ የለም እንዴ?» አለችኝ። «ምናለ እሺ ብትላት?»

«በሁለተኛው?» አልኳት። «ምን ይሉኛል?»